ስድስተኛ ፒፓዬን ጨረስኩ፤ ቀዳዳውና መጋጠሚያው ግን አሁንም አልቀናልኝም

ጠያቂ፦ አዲስ እጅ

ከእንጨት ፒፓ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሠራሁት ቀዳዳው አስቀድሞ ተበስቶ፣ መምጠጫውም ተገጥሞ ለጀማሪዎች ከሚዘጋጅ ጉማጅ ነበር፤ በእነዚያ ላይ የእኔ ድርሻ ውጫዊውን ቅርጽ በመጋዝ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማውጣት ብቻ ስለነበር ውጤቱ ከጠበቅሁት በላይ አስደስቶኝ ነበር። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ያልተበሳ የብራየር (የአስታ ሥር እንጨት) ጉማጅ ወስጄ ቀዳዳውን በቋሚ ትራፓኖ (የመብሻ ማሽን) ራሴ መብሳት፣ መምጠጫውንም ከኢቦናይት (ከጠነከረ ጎማ) ዘንግ ማውጣት ስጀምር፣ እስከዚያ ድረስ ተሸፍነው የቆዩት ድክመቶቼ ሁሉ ወጡ።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙኝ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ የጢሱ መተላለፊያ ቀዳዳ ትምባሆው ወደሚጨመርበት ጉድጓድ የሚገባው ከወለሉ ላይ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ በአምስተኛው ላይ ደግሞ ከመሃል ወደ ግራ ሸሽቷል። ፒፓዎቹን የሰጠኋቸው ሰዎች ከታች ያለው ትምባሆ እርጥብ ሆኖ ሳይነድ እንደሚቀር ነግረውኛል። ሁለተኛው፣ የፒፓው አንገትና መምጠጫው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ወደ ብርሃን ሲያዩት እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን ለማጥፋት የአንገቱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ባስተካከልኩት ቁጥር እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል፤ እኔ ትምባሆ አላጨስም። ወደዚህ ሥራ የሳበኝ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ይህን ያህል ትክክለኛነት የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሥራዬን በራሴ አፍ ፈትኜ ማረም አልችልም። እስካሁን በሠራኋቸው ስድስት ፒፓዎች ስድስት የተለያዩ ቅርጾች ሞክሬያለሁ፤ አሁን ግን መለስ ብዬ ስመለከታቸው ስድስተኛው ከሦስተኛው ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ መናገር ያቅተኛል። ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን) መግዛት ይኖርብኛል? ወይስ ጉድለቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአሠራሬ ነው? የማያጨስ ሰውስ የሠራውን ፒፓ በምን ሊመዝነው ይችላል? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ባለ ሞርሳ

ቶርኖውን ለጊዜው ያቆዩት። ቶርኖ ያለው ሰው የእርስዎን ሁለት ስሕተቶች በፍጥነት ይሠራቸዋል፤ ያለ ቶርኖ ደግሞ ሁለቱንም ማረም ይቻላል።

ከቀዳዳው እንነሣ። ቀዳዳው ከወለሉ ከፍ ብሎ ከወጣ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ብረት) እንጨቱ ውስጥ መንገድ ስቶ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ወይም ቀዳዳው በቦታው ሳለ እርስዎ ጉድጓዱን ከሚገባው በላይ አጥልቀውታል። በአራት ፒፓዎች ላይ በተመሳሳይ መጠን መከሰቱን ስመለከት ሁለተኛው ይመስለኛል፤ መንገድ የሚስት ፑንታ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን ይሄዳልና። ቀጥ ባለ አንገት ላይ አራት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ ጋር እኩል እንዲሆን ከተፈለገ የቀዳዳው ማዕከል ከወለሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ጀማሪ በሥዕሉ ላይ ቀዳዳውን በአንድ መስመር ብቻ ያሰምረውና ጉድጓዱን ደግሞ ከዚያ መስመር በታች «ለጥንቃቄ» ጥቂት ጨምሮ ይበሳዋል። ስለዚህ ሥዕሉን በእውነተኛ መጠኑ፣ ቀዳዳውንም በሁለት መስመር፣ የጉድጓዱንም ክብ ወለል እንዳለ አድርገው በጉማጁ ጎን ላይ ይሣሉት። ይህ ሥዕል የሚታመነው ግን የጉማጁ ጎኖች ለጥ ያሉና እርስ በርሳቸው በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) የተፈተሹ ከሆኑ ብቻ ነው፤ ጎኑ የተዛባ ጉማጅ ላይ የተሠመረ መስመር ፑንታው ከሚሄድበት መንገድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የአበሳሱ ቅደም ተከተልም ሊረዳዎት ይችላል። እኔ ከአንገቱ በኩል እጀምራለሁ፤ በመጀመሪያ የመምጠጫው ወንዴ (አንገቱ ውስጥ የሚሰካው ቀጭን ጫፉ) የሚገባበትን ስምንት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እበሳለሁ፤ ጉማጁን ከሞርሳው (ጨምድዶ ከሚይዘው መሣሪያ) ሳላላቅቅ ወዲያውኑ በዚያው መስመር የአራት ሚሊ ሜትሩን የጢስ ቀዳዳ አስከትላለሁ። ረጅምና ቀጭን ፑንታ በቀላሉ ይጎብጣል፤ በተለይ የእንጨቱ ፍርፋሪ ሲታጨቅበት ለስላሳ ወደሆነው በኩል ያዘነብላል። ስለዚህ በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወደ ላይ እያወጡ ፍርፋሪውን ማራገፍ፣ ፑንታውንም ሳይጫኑ በራሱ ስለት እንዲቆርጥ መተው ያስፈልጋል። ትልቁን ጉድጓድ የምበሳው በመጨረሻ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ሚሊ ሜትር ስፋትና ወደ አርባ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ለአብዛኛው ፒፓ ይበቃል፤ ነገር ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረኝ ትራፓኖውን አጠፋና የቀረውን ፑንታውን በእጄ እያዞርኩ እጨርሰዋለሁ። ቀዳዳው በመጀመሪያ እንደ ነጥብ ይታያል፣ ከዚያ ግማሽ ጨረቃ ይሆናል፣ በመጨረሻም ሙሉ ክብ ሆኖ ወለሉ ላይ ይከፈታል። እዚያ ላይ ማቆም ነው። ይህችን የመጨረሻ ደቂቃ በሞተር የሚሠራ ሰው ዕድለኛ ካልሆነ በቀር ሁልጊዜ ያልፋታል።

አሁን ወደ ልምምዱ ልምጣ። ከማንኛውም ጠንካራና ርካሽ እንጨት አሥራ ሁለት ጉማጆች በአንድ መጠን ይቁረጡ። ሁሉንም እንደ እውነተኛ ፒፓ ሥለው ይብሷቸው፤ ቅርጽ ግን አያውጡላቸው። ከዚያ እያንዳንዱን በጢሱ ቀዳዳ መስመር ላይ ለሁለት በመጋዝ ይሰንጥቁትና ውስጡን ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩ። የተበሳ እንጨት ከውጭ ሲያዩት ሁልጊዜ ደህና ይመስላል። እኔ ይህን ልምምድ የጀመርኩት ብዙ ጥሩ ብራየር ካባከንኩ በኋላ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጋጠሚያውን በተመለከተ፣ የአንገቱን ጫፍ ለብቻው በብርጭቆ ወረቀት መንካት ያቁሙ። ወረቀት በእጅ ሲያዝ ሁልጊዜ ጠርዙን አብዝቶ ይበላል፤ መሃሉ ሳይነካ ዳሩ ይከባል፤ እርስዎ የሚያዩት ክፍተት ይኸው የከበበው ዳር ነው። የአንገቱ ጫፍ ለወንዴው ቀዳዳ ፍጹም ቀጤ ሆኖ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ማንም አይንካው። ቶርኖ የሌለው ሰው ይህን የሚሠራው ከመሃሉ ስምንት ሚሊ ሜትር ዘንግ በወጣለት ጠፍጣፋ መቁረጫ ነው፤ ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይመራዋል፣ ስለቱ ጫፉን ያስተካክላል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ምክንያት አለ፤ ወንዴው ከመምጠጫው ትከሻ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ መቁረጫው ትንሽ ክብ ይተዋል፣ ያች ትንሽ ክብ ከቀዳዳው አፍ ጋር ትጋጭና ትከሻው እስከ መጨረሻው እንዳይቀመጥ ታደርገዋለች። መድኃኒቱ የቀዳዳውን አፍ ውስጣዊ ጠርዝ በሰፊ ፑንታ ለአፍታ ያህል መላጥ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በኋላ አንገቱንና መምጠጫውን ገጥመው፣ ሳይለያዩ፣ እንደ አንድ አካል አብረው ይሞርዷቸው፤ እስከ መጨረሻው የማለስለስ ደረጃ ድረስ አይነጣጠሉም።

ቀድሞ የበሷቸው አራቱም አልጠፉም። የሲጋር አመድ በጥቂት ውኃ አቡክቶ ወለሉ ላይ መደልደል የቆየ ዘዴ ነው፤ ሲደርቅ ወለሉን እስከ ቀዳዳው ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ የመጥረጊያውን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ከተው ይያዙት፣ አለዚያ ጭቃው ይደፍነዋል።

መልስ፦ የኢቦናይት ወዳጅ

ከላይ የተጻፈውን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን እለያለሁ። ቀዳዳ መብሳት በጥቂት ሳምንት ልምምድ የሚያዝ ነገር ነው፤ የፒፓ ሠሪ ክህሎት ዓመታት የሚወስድበት ክፍል መምጠጫው ነው፤ ጀማሪው ግን የፒፓውን ራስ (ትምባሆ የሚጨመርበትን ክፍል) ሲያሳምር ሰንብቶ መምጠጫውን በመጨረሻው ምሽት ይጨርሰዋል። ፒፓውን የሚይዘው ሰው በከንፈሩና በጥርሱ የሚያውቀው እሱን ነው። ስለዚህ ለአሥራ ሁለቱ የልምምድ ጉማጆች አጠገብ አሥራ ሁለት መምጠጫዎችም ቢጨመሩ እመክራለሁ።

ኢቦናይት ከድኝ ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት የጠነከረ ጎማ ነው፤ ኔልሰን ጉድየር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። ለሞረድ የሚታዘዝ፣ ለጥርስ የማያስቸግር፣ ሲሞቅ የሚታጠፍ በመሆኑ ለጀማሪ አክሪሊክ ከሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አክሪሊክ አንጸባራቂነቱን ለረጅም ጊዜ ቢይዝም ለጥርስ ይጠነክራል፣ በችኮላ ከተቆረጠም ይሸረፋል። የኢቦናይት ድክመት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወደ ቡናማና አረንጓዴ ማድላቱ ነው፤ ይህ የሠሪው ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን በደንብ ያልተወለወለ ኢቦናይት ይበልጥ ፈጥኖ ይለወጣልና በሻካራ ወረቀት የተተወ ጭረት ሁሉ ኋላ ይታያል።

አሁን ዋናው ነገር። የጢሱ መንገድ ከጉድጓዱ እስከ አፍ ድረስ ስፋቱ ሊጠብ አይገባውም፤ ቅርጹ ግን መለወጡ አይቀርም፣ ምክንያቱም መምጠጫው ወደ አፍ ሲጠጋ ይሳሳል። አራት ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ካሬ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ጫፉ ላይ ያለው ስንጥቅ ከፍታው አንድ ነጥብ አምስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህንኑ ስፋት ለማግኘት ወደ ጎን ስምንት ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል መከፈት ይኖርበታል። አብዛኛው የጀማሪ መምጠጫ ግን ጫፉ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ያም ሦስት ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አየሩ እዚያ ሲደርስ ይፋጠናል፣ ያፏጫል፣ እርጥበቱንም እዚያው ይጥላል። እርስዎ የሰሙት «እርጥብ ሆነ» የሚለው ቅሬታ በሙሉ ከጉድጓዱ ወለል መጣ ብለው አይደምድሙ፤ እኩሌታው ከዚህ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከወንዴው በኩል በአራት ሚሊ ሜትር ፑንታ መምጠጫው መሳሳት እስከሚጀምርበት ድረስ ይበሳል፤ ከአፍ በኩል ደግሞ በሁለት ሚሊ ሜትር ፑንታ ይገናኘዋል። ከዚያ ጫፉ በቀጭን የመርፌ ሞረድና በጥቃቅን የመጋዝ ስለት ወደ ግራና ቀኝ እየተከፈተ ወደ ውስጥ እንደ ማራገቢያ ይጠባል። ውስጡ እንደ ውጪው መለስለስ አለበት፤ ቀጭን ሽቦ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ትዕግሥት ያለው ሰው ያለሰልሰዋል። ውጪው ላይ፣ ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ከከንፈሩ ኋላ ውፍረቱ ወደ አራት ሚሊ ሜትር ቢወርድ ምቹ ነው፤ አምስት ሚሊ ሜትር ካለፈ አፍ ውስጥ ይከብዳል፤ ከሦስት ተኩል በታች ከወረደ ደግሞ የስንጥቁን ጣሪያ ሊነድል ይችላል። በዓይን መገመት እዚህ ላይ አይሠራም፤ በየጥቂት የሞረድ ምት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩ።

መምጠጫውን ማጠፍ ከፈለጉ በመጀመሪያ የመጥረጊያ ሽቦ ውስጡ ይክተቱ፣ ቀዳዳው እንዳይጨፈለቅ። በሙቅ አየር እያዞሩ ያሙቁት፤ በራሱ ክብደት መዘንበል ሲጀምር በቀስታ አጥፈው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይያዙት። ካልወደዱት እንደገና ሲሞቅ ወደ ቀጥታ ቅርጹ ለመመለስ ይሞክራል፤ ይህ የኢቦናይት ትልቅ ደግነት ነው።

ለማያጨስ ሠሪ ደግሞ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጥረጊያ ሽቦው ከአፍ በኩል ሲገባ መምጠጫው ሳይነቀል፣ ሳይጋጭና ሳይገፋ እስከ ጉድጓዱ ወለል መድረስ አለበት፤ በመጋጠሚያው ላይ ከቆመ የወንዴው ቀዳዳና የአንገቱ ቀዳዳ አልተያዩም ማለት ነው። ከዚያ ጉድጓዱ ባዶ እንደሆነ አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ። የሚሰማው እንደ እስትንፋስ የለዘበ ድምፅ ከሆነ ደህና ነው፤ ፉጨት ከሰሙ ግን የሆነ ቦታ ጠርዝ ወይም ጥበት አለ። ወንዴውም ከአንገቱ ቀዳዳ ወለል ጋር ሊጠጋ ይገባል፤ ከመሃላቸው አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ይበቃል፣ ከዚያ የሰፋ ባዶ ቦታ ግን ጢሱ ቀዝቅዞ እርጥበቱን የሚያጠራቅምበት ኩሬ ይሆናል።

መልስ፦ የአስታ ሥር

እኔ የምናገረው ስለ ቅርጹና ስለ እንጨቱ ነው፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ስለ ቀዳዳና መምጠጫ የጻፉትን እኔ ከዚህ በተሻለ ልጽፈው አልችልም።

ስድስት ፒፓ፣ ስድስት ቅርጽ ማለትዎን ሳነብ የራሴን መጀመሪያ አስታወሰኝ። ቅርጽ በተለወጠ ቁጥር አንዱ ስሕተት ከሌላው ጋር የሚነጻጸርበት መስፈርት ይጠፋል፤ ስለዚህም ነው ስድስተኛው ከሦስተኛው መሻሉን መናገር ያልቻሉት። ለቀጣዮቹ አሥር ፒፓዎች አንድ ቅርጽ ብቻ ይምረጡ። እኔ ቢሊያርድ የሚባለውን እመክራለሁ፤ ቀጥ ያለ ራስ፣ ክብ አንገት፣ ቀጥ ያለ መምጠጫ ያለው፣ የአንገቱ ርዝመት ከራሱ ቁመት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሲያዩት ከሁሉ የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን የሚሸሸግበት ጌጥ ስለሌለው የግማሽ ሚሊ ሜትር መዛባት እንኳ ከሩቅ ይታያል። ሁሉንም አሥሩን ያስቀምጡ፣ ቀን ይጻፉባቸው፣ ጎን ለጎን ይደርድሯቸው። ጥሩ የሆኑትን ብቻ አስቀምጦ የተበላሹትን መጣል ትምህርቱን መጣል ነው።

እንጨቱን በሚቀንሱበት ጊዜ በቀጥታ ወደ ክብ አይሂዱ። አራት ማዕዘኑን መጀመሪያ ወደ ስምንት ጠፍጣፋ ፊት፣ ከዚያ ወደ አሥራ ስድስት ይለውጡት፤ ክቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠፍጣፋ ፊቶች እኩል መሆናቸውን ዓይን ይለያል፤ ክብ ግን ዓይንን ያታልላል። ከዚህ ጋር ፒፓውን በመብራትና በነጭ ወረቀት መካከል ይዘው ጥላውን ይመልከቱ፤ ገልብጠውም ይመልከቱት። በእጅ ሲይዙት የእንጨቱ ቀለምና መስመር ትኩረትዎን ይወስደዋል፤ ጥላ ግን ቅርጽ እንጂ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ጉድለት ራሱና አንገቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተርፎ የሚቀር እንጨት ነው፤ ጀማሪ እዚያ ላይ ሞረዱን ማስገባት ስለሚፈራ ፒፓው ጉንጩ ያበጠ ይመስላል።

ስለ እንጨቱ፦ ብራየር የምንለው በአማርኛ አስታ ከምንለው ተክል፣ ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ቦታ ከመሬት በታች የሚያብጠው እብጠት ነው። ለዚህ ሥራ የሚቆፈረው በሜዲትራኒያን ዙሪያ በሚገኙ አገሮች ነው፤ በፈረንሳይ የጁራ ተራሮች ላይ የምትገኘው ሴን ክሎድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በብራየር ፒፓ የታወቀች ከተማ ናት። ተክሉ ለመቆረጥ የሚበቃ እብጠት እስኪያወጣ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከተቆፈረ በኋላም እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ይቆረጣል፣ ጭማቂው እንዲወጣለት ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያም በዝግታ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይደርቃል። ይህን የማነሣው ጉማጁ እጅዎ ላይ ሲደርስ የስንት ሰው ድካም እንዳለበት እንዲያውቁት ነው፤ በጥሩ ብራየር ላይ መብሳት መለማመድ አይገባም የምለውም ለዚሁ ነው።

የእንጨቱ መስመር ከእብጠቱ መሃል ወደ ውጪ ይፈነጥቃል። በመስመሩ ርዝመት ሲታይ ቀጥ ያሉ ጭረቶች፣ ከጫፉ ሲታይ ደግሞ እንደ ወፍ ዓይን ያሉ ጥቃቅን ክቦች ይታያሉ። የልምድ ዘመንዎ ሲደርስ ቅርጹን የሚመርጥልዎት ይህ መስመር ይሆናል። ስዊድን ተወልዶ በዴንማርክ የሠራው ሲክስተን ኢቫርሶን፣ ከ1910 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የኖረው፣ በዓለም ላይ ያሉ የእጅ ፒፓ ሠሪዎችን ያነቃቃው እንጨቱን ተከትለው በሚሄዱ ቅርጾቹ ነው። በዚያ መንገድ የሚሠሩ ብዙዎች ቅርጹን አስቀድመው አውጥተው ቀዳዳውን በኋላ ይበሳሉ። ይህ ግን ቀዳዳን በፈለጉት ማዕዘን መብሳት ለሚችል እጅ ነው፤ እርስዎ አሁን ባሉበት ደረጃ አስቀድሞ መብሳቱ ይሻላል።

በብራየር ውስጥ የአሸዋ ጉድጓድ የምንላቸው ጥቃቅን ክፍተቶች መውጣታቸው የማይቀር ነው፤ አንዳንዶቹ ሥራው ሊያልቅ ሲል ይወጣሉ። ትንሿን ክፍተት በእንጨቱ ዱቄትና በሙጫ መድፈን ይቻላል፤ ለሚወስደው ሰው ግን መንገር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍተቱ ጉድጓዱ ውስጥ ከሆነና ጠለቅ ካለ ግድግዳው በእሳት ሊነደል ስለሚችል ያንን ፒፓ ለመማሪያ ብቻ ያስቀሩት። የግድግዳው ውፍረት በየትኛውም ቦታ ከስድስት ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ከወለሉ በታች ያለውን ደግሞ ብዙዎች ይረሱታል።

አዲስ እጅ፦

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለቱን ጉማጆች ባለፉት ሁለት ሳምንታት በስቼ ሰነጠቅኋቸው፤ ውጤቱን ሳልደብቅ ልጻፈው። በዘጠኙ ላይ ጉድጓዱን አብዝቼ አጥልቄው ነበር፤ ልክ እንደተባለው «ለጥንቃቄ» የጨመርኩት ነው። የቀሩትን ሦስቱን በእጄ እያዞርኩ ስጨርስ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ጋር ገጠመ። ወደ ግራ የመሸሹ ነገር ደግሞ በአሥራ ሁለቱም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆኑን ስመለከት ሞርሳዬን በስኳድራ ፈተሽኩትና አንደኛው መንጋጋው ከትራፓኖው ገበታ ጋር ቀጤ አለመሆኑን አገኘሁ። ይህን ስድስት ፒፓ ስሠራ አንድም ቀን አልፈተሽኩትም ነበር።

የመጋጠሚያው ክፍተት የቀዳዳውን አፍ በመላጥ ብቻ በሁለት አሮጌ ፒፓዎቼ ላይ ጠፋ፤ በሌሎቹ ሁለት ላይ ግን የአንገቱን ዳር አስቀድሜ አክብቤው ስለነበር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንደገና መቁረጥ ግድ ሆነብኝ። የስንጥቁን ስፋት ለካሁት፤ ሁሉም ከአራት ካሬ ሚሊ ሜትር በታች ናቸው። አሁን የምጠይቀው ስለ ማለስለስ ነው። ፒፓው በብርጭቆ ወረቀት ሥር እያለ ለስላሳ ይመስለኛል፤ ቀለም ስቀባው ግን ያላየኋቸው ጭረቶች ሁሉ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ።

መልስ፦ ባለ ሞርሳ

ሞርሳውን ማግኘትዎ አስደስቶኛል። ከእያንዳንዱ ፒፓ በፊት መፈተሹን ልማድ ያድርጉት፤ ፍርፋሪ ከመንጋጋው ሥር ሲገባም ይዛባልና።

ጭረቱ የሚመጣው ደረጃ ከመዝለል ነው። በብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል) ከ150 ወደ 220፣ ከዚያ ወደ 320፣ ወደ 400፣ ወደ 600 ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሚያለሰልሱበትን አቅጣጫ ይቀይሩ። አቅጣጫው ሲቀየር የቀደመው ወረቀት ጭረት ከአዲሱ ጋር ተቆራርጦ ስለሚታይ መጥፋቱን ማረጋገጥ ይችላሉ። 220 ላይ ሲደርሱ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ያድርቁት፤ የተኙት የእንጨቱ ቃጫዎች ይነሣሉ፣ ያኔ እንደገና ያለሰልሱታል። ቀለሙንም ራሱን እንደ መመርመሪያ ይጠቀሙበት፦ በአልኮል የሚሟሟ ጥቁር ቀለም በ320 ላይ ይቀቡና መልሰው ይፋቁት። ጭረት ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ጠንካራው የእንጨቱ ክፍል ቀለሙን ሲያጣ ለስላሳው መስመር ይዞት ስለሚቀር የእንጨቱ መስመርም ደምቆ ይወጣል። ከላይ ፈካ ያለ ቡናማ ሲቀቡ ብዙዎች የሚያደንቁት ንጽጽር የሚመጣው ከዚህ ነው። በመጨረሻ በጨርቅ ጎማ (በሞተር በሚሽከረከር የጨርቅ ክብ) ላይ ትሪፖሊ በሚባለው መወልወያ፣ ከዚያ በነጭ መወልወያ፣ ከዚያ በካርናውባ ሰም ይወልውሉት። ሰሙ እጅግ ጥቂት ይሁን። ጉድጓዱ ውስጥ ቀለምም ሰምም እንዳይገባ ቡሽ ይክደኑበት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ሁለቱንም አጥብቄ ነው የምናገረው። የእንጨት ብናኝ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለሰው ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፤ የኢቦናይት ብናኝም ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ተራ የጨርቅ መሸፈኛ አይበቃም፤ ለብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያድርጉ፣ ኢቦናይቱንም በውኃ እያራሱ ያለስልሱት። ሁለተኛው የጨርቅ ጎማው ነው። ፒፓውን ወደ ጎማው የላይኛው ግማሽ በፍጹም አያስጠጉት፤ ጠርዙን ይዞ ከእጅዎ ይነጥቀዋል፣ የሳምንታት ሥራ ወለል ላይ ይከሰከሳል፣ ወይም ፊትዎን ይመታዎታል። ከመሃል በታች፣ ጠርዙ ወደ ጎማው መሽከርከሪያ አቅጣጫ እንዲሸሽ አድርገው ይያዙት፤ መምጠጫው እንደተገጠመ ይሁን፣ የዓይን መከላከያም አይለይዎት።

የመጀመሪያው ቢሊያርድ ሲያልቅ የተሰነጠቀውን የልምምድ ጉማጅ አጠገቡ አድርገው ፎቶግራፉን ቢያሳዩን፣ ከመምጠጫው የውፍረት ልኬት ጋር፣ ከዚያ ተነሥተን እንቀጥላለን።